ጫማ ማውለቅ ወይስ እግር ማጠብ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አንድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አንዲት እህት ጠጋ አለችኝና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ። «ዲያቆን፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ጫማ ለሌላቸው ሕፃናት ብሎ የእግር ጉዞ አዘጋጅቷል። ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን 5 ኪሎ ሜትር በባዶ እግራችን እንሄዳለን። ቲሸርቱ ታትሟል፤ ካሜራም ይመጣል አሉ። ነገሩ ለበጎ ነው፤ እኔ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ወቅቱ ጾም ነውና በረከት አገኛለሁ ብዬ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

እኔም መጽሐፌን እየሰበሰብኩ «ለድሆች ከሆነ ሂጂ እንጂ፣ ምን ችግር አለው?» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄደች። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ ሆዴን ይበላኝ ጀመር። ቸኩዬ የሰጠሁት መልስ ነበር። እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ ጉዞ ሄጄ የደረሰብኝን አውቃለሁ፤ ለእህቴ ግን ሳልነግራት ቀረሁ። ይህች ጽሑፍ እንግዲህ ያን ዕለት ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ለእርሷም ለእናንተም የምነግርባት ናት።

እንዲህ ያሉ ጉዞዎች ምንድን ናቸው?

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አበው። በዘመናችንም የሌላውን መከራ በምሳሌ ለማሳየት፣ ከመከራው ትንሽ ቆንጥሮ በራስ ላይ አድርጎ አደባባይ መውጣት የተለመደ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፍራንክ ቤርድ የተባለ ሰው አንድ ጉዞ ጀመረ። ወንዶች የሴት ባለ ታኮ ጫማ ተጫምተው አንድ ማይል ያህል ይሄዳሉ። ዓላማው በወንዶች ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ማሰብና ለመጠለያቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ይህ ጉዞ ወደ ብዙ ከተሞችና ወደ ሌሎች ሀገሮች ተዛምቷል። ቶምስ የተባለው የአሜሪካ ጫማ አምራች ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሰዎች አንድ ቀን ያለ ጫማ እንዲውሉ ይጠራ ነበር። ውኃ ለሚቀዱ እናቶችና ልጃገረዶች ተብሎ ጀሪካን ተሸክሞ ኪሎ ሜትሮችን መጓዝም በየሀገሩ የታወቀ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እነዚህን ጉዞዎች የጀመሩትን ሰዎች ክፉ አላልኩም፤ ልልም አይገባኝም። ገንዘብ ተሰብስቦባቸዋል። ጫማ ያገኘ ልጅ አለ፤ ጉድጓድ የተቆፈረለት መንደር አለ። ለአንድ ሕፃን ቀዝቃዛ ውኃ የሰጠ ዋጋው እንደማይጠፋበት ጌታችን ተናግሯል (ማቴ. 10፥42)። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለምን ቀጥታ አንሰጥም? ለምን ለመስጠት ብለን የድሃውን መከራ ለብሰን መታየት ያስፈልገናል? ይህስ ነፍሳችንን ምን ያደርጋታል?

ባዶው ጀሪካን

አሁን የራሴን ልናገር። ዲፕሎማዬን በምማርበት ጊዜ በተማሪዎች ተነሣሽነት የውኃ ጉዞ ተዘጋጀ። እያንዳንዳችን ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን በዋናው አስፋልት እንድንሄድ ተነገረን። እኔም ደስ ብሎኝ ተመዘገብኩ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እናቶቻችን በጀርባቸው አዝለው አቀበት የሚወጡት ይህን ነው። የእኛ ግን ባዶውን ነበር። «ሙሉ ከሆነ ሰው ይወድቅብናል» ተባለ። ሳቅን፣ ዘመርን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ፀሐይ መታን፣ ደከመን። አንድ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ወደ ተከራየሁበት ግቢ ገባሁ።

በግቢያችን ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። በዚያ ሳምንት ውኃ ከሰፈራችን ጠፍቶ ነበርና የሚቀዳው ራቅ ካለ ቦኖ ነው። እማማ ሁለት ጀሪካናቸውን ይዘው ሊወጡ በር ላይ ተገናኘን። ቲሸርቴን አዩ፣ የያዝኩትን አዩ።

«ዲያቆንዬ፣ ውኃ ልትቀዳ ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ከእግር ጉዞ መምጣቴ ነው። ውኃ ለሚቀዱ እናቶች ብለን ነው የሄድነው።»

«ባዶውን ነው የተሸከማችሁት ልጄ?»

«አዎ እማማ፣ ለምልክት ነው።»

እማማ አልሳቁብኝም፤ አልተቆጡኝምም። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ደክሞሃል፣ ግባና ዕረፍ» ብለውኝ ወጡ። እኔም ገብቼ ተኛሁ። ማታ ስነቃ በራቸው ላይ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ቆሞ አየሁ። እየተመላለሱ አንድ አንዱን ይዘው መጥተዋል ማለት ነው። እኔ በዚያው ሰዓት ለማላውቃቸው እናቶች በመድከሜ ዕረፍት ላይ ነበርኩ!

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያን ሌሊት ራሴን ምን ብዬ እንደጠየቅሁ ገምቱ። ባዶውን ጀሪካን ሰው ሁሉ እያየኝ ብዙ መንገድ ተሸክሜያለሁ። ሙሉውን ግን ማንም በማያይበት ከቦኖ እስከ ደጃፋችን አልተሸከምኩም። ያንን ሙሉ ጀሪካን ብሸከም ኖሮ ቲሸርት አልነበረውም፣ ፎቶ አልነበረውም። የነበረው አንዲት እናት ብቻ ናት፤ የነበረው በእርሷ በኩል የቆመው ጌታ ብቻ ነው።

ምጽዋት ስታደርጉ መለከት አታስነፉ ብሎ ጌታ ያስጠነቀቀን ለዚህ ነው (ማቴ. 6፥1-4)። አባቶቻችን ይህን በሽታ ከንቱ ውዳሴ ይሉታል። ከንቱ ውዳሴ ከኃጢአት ሥራ ጋር ብቻ የሚመጣ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እርሱ የሚወደው የጽድቅን ሥራ ነው፤ ብል እህል ያለበትን ጎተራ እንደሚወድ ሁሉ። የከፋው ደግሞ የጠገበ ኅሊና መስጠቱ ነው። ሰው የሆድ ረሀብ እንዳለው የኅሊናም ረሀብ አለው፤ የኅሊና ረሀብ ወደ ወንድሙ ይገፋዋል። በምልክት የጠገበ ኅሊና ግን ይተኛል። እኔ እንደተኛሁት!

ሰው የሌለው ሰው

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን ሕመምተኛ የምናስብበት ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው፣ ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረው።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ከኢየሩሳሌም ደጋግ ወጣቶች ተሰብስበው «የዚህን ሰው መከራ እንካፈል» ብለው አንድ ቀን ሙሉ በየአልጋቸው ላይ ሆነው ከአጠገቡ ተኝተው ቢውሉ ምን ይጠቅመው ነበር? ማታ እነርሱ አልጋቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። «አሁን ስሜቱ ገባን» ይላሉ። እርሱ ግን በማግሥቱም እዚያው ነው። እንዲያውም ወደ ውኃው የሚያወርዱ እጆች ሁሉ በዚያ ቀን ተኝተው ዋሉበት! መፃጉዕ የጎደለው አብሮት የሚተኛ ሰው አልነበረም፤ ቆሞ የሚያነሣው ሰው እንጂ። ጻድቁ ኢዮብም ስለ ራሱ ሲመሰክር ለዕውሩ ዓይን፣ ለአንካሳው እግር እንደሆነለት ተናገረ (ኢዮ. 29፥15)። ዓይኑን ሸፍኖ ከዕውሩ ጋር አልተደናበረም፤ ዓይኑን ገልጦ መራው እንጂ።

ደግሞስ የአንድ ቀን ጭንቅ የድሃውን ጭንቅ ይመስላልን? በባዶ እግሩ የሚሄደውን ልጅ የሚያቆስለው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ነገም ጫማ እንደማይኖረው ማወቁ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ እግሩን ከወንበር ሥር መደበቁ ነው። እኛ ግን ከጉዞው መጨረሻ መኪናችን ውስጥ ጫማችን እንዳለ እያወቅን እንሄዳለን። በታኮ ጫማ የሚሄዱትን ወንዶችም ተመልከቱ። ሕገ ኦሪት የሴትን ልብስ ለወንድ እንደማትፈቅድ እናውቃለን (ዘዳ. 22፥5)፤ ዛሬ ግን በዚያ በኩል አልሄድም። ባሏ የደበደባት አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ቆማ ብታያቸው ምን ታያለች? እየተንገዳገዱ የሚሳሳቁ ወንዶችን ነው። የእርሷ ሕመም እኮ ጫማው አልነበረም! ወንዶች በእውነት ለእርሷ ሊያዝኑ ከወደዱ፣ ጓደኛቸው ሚስቱን መምታቱን ሲሰሙ «ተው» ማለት ከታኮው ይልቅ የሚከብድ ጉዞ ነው። ጎረቤት ሆኖ ጩኸት እየሰሙ በር አለመዝጋት ከዚያ የሚረዝም መንገድ ነው።

ባዶ እግር በእኛ ሀገር

ስለ ባዶ እግር ከተነሣ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ምልክት ብቻ አይደለም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት ቦታ ያለ ጫማ የሚኖሩ ገበሬዎችን የሚያጠቃ አንድ በሽታ አለ። ሕዝባችን ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት፣ ይህ በሽታ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑንና ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባል፤ በተፈጥሮው ለበሽታው የተጋለጠ ሰው ከጊዜ በኋላ እግሩ ያብጣል፣ ይሻክራል፣ ይቆስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል። ልብ በሉ! ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደማንኛውም የቆሎ ተማሪ አኩፋዳዬን አንግቤ፣ ውሻ እየጮኸብኝ፣ በባዶ እግሬ ቁራሽ እለምን ነበር። በመንደሩ ሁለቱም እግሮቻቸው ያበጡ አንዲት እናት ነበሩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገቡም፤ ከውጭ ከዛፍ ሥር ሆነው እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው ያስቀድሳሉ። ለእኛ ለተማሪዎቹም ቁራሽ ይሰጡን ነበር። እኛ ግን «ይጋባል» ስንባል ሰምተናል። አንድ ቀን የሰጡኝን ዳቦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀብዬ፣ ከዓይናቸው ስርቅ መንገድ ዳር ጣልኩት። ዘወር ስል እያዩኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም፤ ኑዛዜውን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። የምጽፈው ለዚህ ነው። በባዶ እግር መሄድ ርኅራኄን የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ ከእኔ በላይ ማን ይማር ነበር? አንድ ቀን አልነበረም፣ ዓመታት ነበር እንጂ። እርሳቸው የረገጡትን አፈር ረግጬ ነው ዳቧቸውን የጣልኩት! የእግሬ መቁሰል ዓይኔን አላበራልኝም። ዓይኔን ያበራልኝ በኋላ ስለ በሽታው እውነቱን መማሬና የእግዚአብሔር ቃል ልቤን መውቀሱ ነው። ስለዚህ «መከራውን ካልቀመስኩት አይገባኝም» የሚለው ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ወንድማችንን ለመውደድ የሚያስፈልገን እርሱን መስሎ መታየት አይደለም፤ ጠጋ ብሎ መጠየቅና ማገልገል ነው።

«ታዲያ ጾማችንስ?»

አንድ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል። «ዲያቆን፣ ይህን ሁሉ ትላለህ፤ ነገር ግን የእኛስ ጾም በፈቃድ መራብ አይደለም? ስግደታችንስ በፈቃድ መድከም አይደለም? ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ቁልቢ የሚወጣውን ምእመን ምን ልትለው ነው? ነቢዩ ኢሳይያስስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው።

እውነት ነው፣ ኢሳይያስ ሦስት ዓመት ራቁቱንና ባዶ እግሩን ሄዷል (ኢሳ. 20፥2-4)። ነገር ግን ያ ጉዞ ለተራቡት ገንዘብ ለመሰብሰብ አልነበረም። በግብፅና በኢትዮጵያ ላይ የሚመጣውን ምርኮ የሚያስጠነቅቅ፣ እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው ምልክት ነው። ነቢዩም አልተመሰገነበትም፣ ተዋረደበት እንጂ። ስለ ድሆች በተናገረበት ቦታ ግን ይኸው ነቢይ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ራስን እንደ ደንገል ማጎንበስን፣ ማቅና አመድን ማንጠፍን ብቻ እግዚአብሔር ጾም ብሎ እንደማይቀበል ገልጦ፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስን፣ ስደተኛውን ወደ ቤት ማስገባትን፣ የተራቆተውን ማልበስን ጾም ብሎ ጠራው (ኢሳ. 58፥5-7)። ምልክት ብቻውን ከቆመ በነቢዩ አፍ ተነቅፏል ማለት ነው።

ጾማችንም እንዲሁ ነው። እኛ የምንጾመው ድሃውን ለመምሰል አይደለም። የምንጾመው ፈቃደ ሥጋን ለፈቃደ ነፍስ ለማስገዛት፣ ከጌታችን ጋር በገዳመ ቆሮንቶስ ለመዋል ነው። የሚያየንም በስውር የሚያይ አባት ነው፤ ስለዚህ ፊታችንን ታጥበን፣ ራሳችንን ተቀብተን እንድንጾም ታዘዝን (ማቴ. 6፥16-18)። ድንጋይ የተሸከመው ስለተኛም ስለቱን ለእግዚአብሔር ያቀርባል እንጂ «እዩ፣ ሸክም የሚሸከሙትን ረዳሁ» አይልም። የረዳ ከመሰለው ግን እርሱም እንደ እኔ ተሳስቷል።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ጾምን ብቻዋን አልተወቻትም። በፍትሐ ነገሥት 15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ነው፤ 16ኛው ስለ ምጽዋት ነው። ተከታትለው መቀመጣቸው ለምን ይመስላችኋል? በጥንቱ የሄርማስ መጽሐፍም፣ በግእዝ ተተርጉሞ በሊቃውንቶቻችን እጅ የነበረ ነው፣ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ፣ ለተቸገረ እንዲሰጥ ይመክራል። እዩ እንግዲህ! የእኛ መራብ ድሃውን አያጠግበውም፤ ከእኛ ማዕድ የተረፈው ግን ያጠግበዋል። በሆዳችን የቀረው ባዶነት በእርሱ ሆድ ሙላት ካልሆነ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ።

«ጌታችንስ የእኛን መከራ አልተካፈለም?» ለሚልም መልሱ ይህ ነው። አዎ፣ ተካፍሏል፤ በድካማችን የሚራራልን ሊቀ ካህናት ነው (ዕብ. 4፥15)። ነገር ግን መከራችንን ጎብኝቶ ማታ አልተመለሰም። 33 ዓመት ኖረበት፣ ሞተበት፣ በሞቱም እኛን አነሣበት። ባለጠጋ ሲሆን ድሃ የሆነው እኛን ባለጠጎች ሊያደርገን ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥9)። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእርሱ መውረድ የእኛ መውጣት ሆነ። የእኛ መውረድስ የማን መውጣት ሆነ?

ከአህያው የወረደው

ደጉ ሳምራዊ በእግሩ ሄዷል (ሉቃ. 10፥30-35)። አስባችሁት ታውቃላችሁ? የራሱን አህያ ለቆሰለው ሰው ሰጥቶ እርሱ በዚያ በኢያሪኮ መንገድ በእግሩ ሄደ። እግሩ ደክሟል፣ ወንበዴ ያለበት ስፍራ ነውና ፈርቷልም ይሆናል። ይህ የማይመች ጉዞ ነው፤ ግን ምልክት አልነበረም። የተራመደው የቆሰለው ሰው እንዲቀመጥ ነው። ቢደክም የደከመው ከፍቅሩ የተነሣ ነው እንጂ ፍቅሩን ለማሳየት አይደለም። ዘይቱን አፈሰሰ፣ ወይኑን ጨመረ፣ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ «የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ» ብሎም ዋስ ሆነ። ስመለስ! ማለትም ጉዳዩ በአንድ ቀን አላለቀም።

የጠፋው ልጅ አባትም እንዲሁ ነው። ልጁ ተጎሳቁሎ ሲመጣ አባትየው ጫማውን አውልቆ «እኔም እንዳንተ ልሁን» አላለም። ለእግሩ ጫማ አድርጉለት ብሎ አዘዘ (ሉቃ. 15፥22)። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ጫማ አስተምሯል። በቤታችን ተቀምጦ የሚሻግተው ጫማ የእኛ ሳይሆን የባዶ እግረኛው ነው ብሏል። እርሱ ስለ ጫማ ብቻ አልተናገረም፤ በቂሣርያ ረሀብ በገባ ጊዜ ረሀብተኞችን ሰብስቦ፣ የሚበላ ከየቦታው አስመጥቶ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን አብነት አድርጎ እንዳገለገላቸው ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ መስክሮለታል።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ እህቴ ሆይ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መሥሪያ ቤትሽ ጠርቶሽ ከባልደረቦችሽ ጋር ብትሄጂ አልኮንንሽም፤ የሄዱትንም አትንቀፊ። ነገር ግን ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ። ለቲሸርትና ለድምፅ ማጉያ ስንት ወጣ? ለጫማውስ ስንት ደረሰ? ልጆቹ ተጠይቀዋል ወይ? በስማቸው በባዶ እግር መሄዳችሁ ያስደስታቸዋል ወይስ ያሳፍራቸዋል? መልሱ ካላጠገበሽ የተመደበብሽን ገንዘብ በዝምታ ስጪና ቅዳሜሽን ለሌላ ነገር አውይው። ባዶ እግርሽን ለካሜራ ከምታሳዪ ይልቅ ጫማሽን አድርገሽ ወደ አንድ ቤት ብትሄጂ ይሻላል።

ለሁላችንም ደግሞ በዚህ ጾም የሚቻሉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

የቁርሳችንን እናስላ። ቅዳሜና እሑድ ሲቀሩ በዐቢይ ጾም 40 ቀን ያህል ቁርስ አንበላም። ቁርሳችን 50 ብር ነበር ብንል በ40 ቀን 2,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የት ገባ? ማታ በጾም ምግብ ዓይነት አብዝተን ከበላነው ጾማችን ሰዓት መለወጥ ብቻ ሆነ። ለይተን በፖስታ እናስቀምጠውና ለአንድ የምናውቀው ሰው እንስጥ።

አልጋ ሥር ያለውን ጫማ እናውጣ። የማንጫማው ካለ፣ የተቀደደውን ለሊስትሮው ሰጥተን አሰፍተን፣ ቀለም አስቀብተን እንስጥ። ለድሃ ቆሻሻችንን አንጣልበት።

የግቢያችንን ጀሪካን እንሸከም። ሙሉውን! ጎረቤታችን ያለች አሮጊት እናት ውኃ ማን እንደሚቀዳላት እንወቅ። ጽዋ ማኅበር ያለን በተራ እንመደብ። ማንም አይጨብጭብልን።

እግሩ ያበጠ ሰው ካየን አንሽሽ። ሕመሙ አይጋባም። ከጎናችን እናስቀምጠው፣ አብረን እናስቀድስ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ክብካቤው እንደምታስቡት የረቀቀ አይደለም። ጤና ባለሙያ በሚያሳየው መሠረት እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ ነው። እግር ማጠብ! ይህ ለክርስቲያን አዲስ ነገር ነው እንዴ?

የጾማችን መጨረሻ ወዴት እንደሚያደርሰን አስታውሱ። በሕማማት ሳምንት ጸሎተ ሐሙስ አለ። በዚያ ቀን ጌታችን ከማዕድ ተነሣ፣ ልብሱን አኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፣ ውኃ በመታጠቢያ ጨመረ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13፥4-15)። ልብሱን ማኖሩ ለመታየት አልነበረም፤ ውኃ ስለሚነካው ነው። ማጎንበሱም ለምልክት ብቻ አልነበረም፤ እግር ያለው ታች ስለሆነ ነው። በዚያ ዕለት አባቶቻችን የእኛን እግር ያጥባሉ። እኛ ታጥበን ወደ ቤታችን ስንገባ የማንን እግር ልናጥብ ነው?

ዳቧቸውን የጣልኩባቸው እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር፤ አልደረስኩም። ከዛፉ ሥር ቆሜ አባታችን ሆይ ደግሜ ተመለስኩ። እናንተ ግን የምትደርሱላቸው ሰዎች አሁንም አሉ፤ በግቢያችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በቅጽሩ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሳይመሽ ድረሱላቸው።

በስውር የሚያይ አባታችን ጾማችንን ይቀበልልን። ዓይኖቻችንን ከምልክት ወደ ሰው ይመልስልን። የታመሙትን ይማርልን፣ ባዶ እግረኞችን የሚያስታውስ ልብ ይስጠን። ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።